የሰማይ ድንጋይ ባለቤት

ልብስ ሰፊዋ የወለደች ልጇ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብታ ስትመለስ፣ ሰፈሩ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰማይ የወደቀው ድንጋይ ታናሽ እህቷ ቤት ነው ያለው።

ዱባ የሚያክል፣ ጥቁር፣ እንደ ብረት የከበደ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በመኪና መጥተው አይተውታል፤ ዋጋው ቤት ያሠራል ብለዋል።

ልብስ ሰፊዋ ጓዟን ደጃፍ ላይ ወረወረችው። ድሮም እንዲህ ናት ይቺ ልጅ! አባታቸው ግቢውን በሽቦ አጥር ለሁለት ሲከፍለው ጥላ ያለው ወገን ለእሷ፤ መልክ ለእሷ፤ ባል ለእሷ። አሁን ደግሞ ሰማዩም ወገንተኛ ሆኖ አረፈው።

ጓሮ ብትዘልቅ የካሮት መደቧ መሃሉ ጎድጉዷል።

«ውሻዋን ለቀቀችብኛ!» ብላ ጮኸች።

ታናሺቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የደንበኛ ፀጉር በአረፋ እንደተለቀለቀ ትታ ወደ አጥሩ ሮጠች።

«እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! የድንጋዩን ነገር...»

«አልሰማም!»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ...»

«ለእኔ ምን? ልታካፍይኝ? ፍርፋሪሽን ለውሻሽ!»

«ኧረ በእናትሽ፣ አስጨርሺኝ!»

«ለመስተዋትሽ ጨርሺለት!» በሩን ድርግም አድርጋ ገባች።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት። በአራተኛው ጠዋት የክት ቀሚሷን ለብሳ መዝገብ ቤት ሄደች። ሕጉን ከደንበኞቿ አጣርታለች፤ ግቢ ውስጥ የወደቀ በባለ ግቢው ስም ይመዘገባል፣ መንገድ ላይ የወደቀ የመንግሥት ነው።

«የሰማዩ ድንጋይ የተመዘገበው በውሸት ነው» አለችው ጸሐፊውን። «የወደቀው መንገድ ላይ ነው። አንስታ ያስገባችው እህቴ ናት።»

«በዓይንዎ አይተዋል፣ እናቴ?»

«በእነዚህ በሁለቱ! ደጄ ላይ ቆሜ። ግን ስሜ እንዳይጻፍ።»

«የጠቋሚ ስም አንጽፍም፤ አሻራዎ ይበቃል። የእናትዎ ልጅ ናት እኮ፣ ኋላ እንዳይቆጭዎ።»

«እኔን? ጮቤ ነው የምረግጠው!»

አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ጸሐፊው ትልቁን መዝገብ አወጣና ገልጦ ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ ልጄ» አለች ወንበሯን አስጠግታ። «ስትሰረዝ ልስማ።»

ጸሐፊው እየሰረዘ «የወደቀበት፦ የካሮት መደብ» አለና የልብስ ሰፊዋን ስም፣ ከነአባቷ፣ ከነቤት ቁጥሯ አነበበላት።