ሁለተኛው ስም

ቧንቧውንና የውሃ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው የቤቴ ኮምፒውተር የሚይዘው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ላልተመዘገበ ሰው ቧንቧው አይከፈትም። አንዱ ስም የእኔ ነው፣ ሌላው ከሞተ አራት ዓመት የሆነው የባለቤቴ የታምሩ። ቤቱ አሁንም በየማለዳው ጢሙን የሚላጭበትን ውሃ ያሞቅለታል። እኔም የምነቃው በማሞቂያው ድምፅ ነው።

ትናንት ቤት የምታጸዳልኝ አጸደ ቧንቧውን እንድከፍትላት ከቀን እንቅልፌ ላለመቀስቀስ ብላ ከመወልወያው ባልዲ ውሃ ስትጠጣ ደረስኩባት።

ወዲያው ለልጄ ደውዬ ነገርኳት።

"እማዬ፣ የአባዬን ስም ልታጠፊው ነው?"

"አዎ። አጸደን አስገባለሁ።"

ዛሬ ማለዳ ማሞቂያው ዝም አለ። አጸደ መጥታ ቧንቧውን ራሷ ከፈተችና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልታ አመጣችልኝ።

"እትዬ፣ ይጠጡ።"

"መጀመሪያ አንቺ ጠጪ" አልኳት።