ሦስተኛዋ ሴት

«አትንቀሳቀሺ!» ፊቤ ከአባቷ ፒክአፕ፣ ከባኪው ጎን አቁማት ጥቁሩን ሻሽ ግንባሯ ላይ አጠበቀችላት። «ጆሮሽን ሸፍኚ። ማስክሽን ከፍ አድርጊ። ካሁን ጀምሮ ሸፊቃ ነሽ፤ ገባሽ?»

ፅናት አልገባትም። ከጠዋት ጀምሮ የገባት ነገር የለም። ቴምቢሳ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ቆማ ዳቦ እየሸጠች ሳለ አጎቷ ዱካሞ መጥቶ «ነይ ውጪ፣ ልጄ ፊቤ ትፈልግሻለች» አላት። ሱቁን ዘግቶ ባኪው ላይ ጫናት። ኮቪድ የማያሰማው ጉድ የለምና መርዶ ሊያረዷት መስሏት መንገዱን ሙሉ ስትጸልይ መጣች። ፊቤ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ነገሩ ኳስ ሆኖ ተገኘ።

እሱም ኳስ ከተባለ ነው። ፉትቦል ይሉታል፤ እግር ግን አይነካውም። ኳሱ ራሱ እንደ ፓፓያ ሞላላ ነው። ተጫዋቹ ወገቡ ላይ ጨርቅ አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ ጨርቁን ከመነጨቁት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊቤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ «ሲምፕል ነው» አለች። ሲምፕልነቱ ለፅናት አልታይ አላት።

«ደንቡ ሜዳ ላይ ሦስት ሴት ይላል» ፊቤ አሁን የምታስረዳው አባቷንም ጭምር ነው። «የሸፊቃ ወንድም ፖዘቲቭ ስለሆነ እሷም ከቤት መውጣት አትችልም። መታወቂያዋ እኔ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። አንድ ሴት ከጎደለን ፎርፌ ነው። አንዴ ሰጥተናል፤ ዛሬ ከደገምን ከሊጉ እንባረራለን። ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጠብቀን የተከፈተ ሊግ ነው፣ ባባ!»

ለዱካሞ ነገሩ ቀላል ነው። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰው ሲታመም ሰው ይተካል።»

እነሱ ዘንድ እንዲያ ነው። ምሕረቱ የሚባለው ሻጭ ሲታመም ፅናት ገባች፤ ከምሕረቱ በፊትም ሌላ ነበር። ደንበኛው ሁሉንም «ማይ ፍሬንድ» ይላል እንጂ ከፍርግርጉ ኋላ ማን እንደቆመ ጠይቆ አያውቅም። ዳቦ አምጪው ዛሬም ድረስ «ምሕረቱ!» ብሎ ሲጣራ ፅናት «አቤት» ብላ ትወጣለች።

ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና የመጣችው ግን ምሕረቱን ልትተካ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ዱካሞ ለእናቷ ደውሎ «ላኪልኝ፣ እኔ አስተምራታለሁ» አለ። በመጪው ዓመት አለ። ከዚያ ሱቁ ተዘረፈ፣ ከዚያ ኮቪድ ገባ፣ መጪው ዓመትም መጪ እንደሆነ ቀረ።

«ግን ጋሼ፣ ሂጃብ…» አለች ፅናት ሻሹን እየነካካች። ሸፊቃ መታወቂያዋ ላይ ጥቁር ሂጃብ አድርጋለች፤ ፅናት ደግሞ ጴንጤ ናት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ዱካሞ ሻሹን አየት አድርጎ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። እንዳላየ መሆን ሲያውቅበት!

የሜዳው በር ላይ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ልጅ ቆሟል። ግንባሯን በሙቀት መለኪያው አየ። እጇ ላይ ሳኒታይዘር ጠብ አደረገላት። ሳል እንዳለባት ጠየቃት፤ የለኝም አለች። ስሟን ጠየቃት።

«ሸፊቃ።»

እንዴት ቀለላት! ልጁ ፊቤ ባቀበለችው መታወቂያ ላይ ፎቶውን አየ፣ ሻሹን አየ፣ ሁለት ጨርቅ የተንጠለጠለበት ቀይ ቀበቶ ሰጣት። ታጠቀችው። ሣሩ ላይ ተማሪዎች ተጋድመው ይሳሳቃሉ፤ አንዷ ሳታውቃት እጇን አውለበለበችላት። ፅናት ምክንያቱን ሳታውቀው ደስ አላት።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለ ልጁ። «ደንብ ስለሆነ ነው። በዚህ ዓመት የተመዘገብሽ ተማሪ ነሽ?»

ከፊቷ የነበሩት ሁሉ «የስ» እያሉ አልፈዋል። ፊቤ ከኋላዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «የስ በያ!»

ስም መዋስ አላስቸገራትም፤ የለመደችው ነው። ይህቺኛዋ ቃል ግን ለራሷ ያስቀመጠቻት ናት። ማታ ማታ ሱቁን ዘግታ ስትተኛ፣ አንድ ቀን ለሚጠይቃት ሰው እንዴት አድርጋ እንደምትላት ስታስብ ኖራለች። አሁን በሸፊቃ ሻሽ ተሸፍና ብትላት የምታልቅባት መሰላት።

«ገና ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

ልጁ ግራ ገባው። መታወቂያውን ገልብጦ አየ፣ መልሶ እሷን አየ። ፅናት ማስኳን አወረደች። «ሸፊቃ አይደለሁም። ፅናት ነኝ።»

«ጉድ ሠራሽኝ!» ፊቤ እንባዋ መጣ። «እንዲህ ታደርጊኛለሽ፣ ፅኑ?»

«አዝናለሁ፣ ፎርፌ ነው» አለ ልጁ። ቀበቶውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ ፅናት ፈታ ሰጠችው። ሊያሳፍራት አልፈለገም መሰል፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ጠየቃት። «ገና ከሆንሽ፣ መቼ ነው የምትገቢው?»

መልሱ ፅናት ጋ ኖሮ አያውቅም። ዞር ብላ አጥሩ ሥር የቆመውን አጎቷን አየችው። ልጁም ዓይኗን ተከትሎ አየው። እንባዋን ትጠርግ የነበረችው ፊቤም ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

ዱካሞ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ። ሊናገር ነው ብለው ጠበቁት። የባኪውን ቁልፍ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ማስኩን መልሶ እስከ አፍንጫው ሳበው።