ከጥዱ ሥር የሰፈረው ሰው

አይሊ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ሰውየው ዛሬም አልሄደም። ድንኳኑ እዚያው ከጥዱ ሥር፣ ከተጎታች ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ነው። እሱም ጎንበስ ብሎ እሳት ያርገበግባል።

ካምፑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በጥቅምት መገባደጃ በዚህ ሐይቅ ዳር የሚከርም የለም፤ ልጆች ያሏቸው ትምህርት ሲከፈት ሄደዋል፣ ጡረተኞቹም የመጀመሪያው ውርጭ ሲወድቅ ቤታቸውን ከመኪናቸው ጀርባ ቀጥለው ወደ ደቡብ ወርደዋል። ያን ሁሉ ሜዳ ትቶ አፍንጫዋ ሥር ድንኳን የሚተክል ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ባሏ ሬይኖ ቢኖር ነገሩን ባንድ ቃል ይጨርሰው ነበር። ሬይኖ ግን ጋዝ ላስሞላ ብሎ ከተማ እንደወጣ ቀረ። ፒክአፑን እንኳ አልወሰደም፤ አንዱ ወሬኛ ጓደኛው አሳፍሮት ይሆናል። ነድታ ልትፈልገው አስባ ነበር፤ ቁልፉ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ የለም።

ውሻቸው ሙስቲም ከድቷታል። ለማያውቀው ሰው ጥርሱን የሚያሳየው ውሻ ከሰውየው እግር ሥር ተጋድሞ ጭራውን ይቆላል። ሥጋ እያጎረሰ አባብሎታል ማለት ነው።

ውኃ ልትቀዳ በሩን ስትከፍት የውኃው ጎማ ከቧንቧው ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ አገኘችው።

«ደህና አደርሽ አይሊ?» አላት ሰውየው ከእሳቱ ቀና ብሎ። «ውርጭ ስለነበር ጎማው እንዳይፈነዳ ነቀልኩት። በባልዲ ቀድቼልሻለሁ። ጋዙንም ቀይሬዋለሁ።»

አንቺ ይላታል! ስሟንስ ማን ነገረው?

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለች አይሊ፣ «እኔና እርስዎ የት ተዋወቅን?»

ሰውየው ከቅንድቡ በላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ጎረቤት አይደለን?» አለ።

«ጎረቤት ከሆኑ ወሰንዎን ይወቁ! የሰው ጋዝ ላይ ምን እጅዎን ሰደደው?»

«እሺ፤ አትቆጪ። የሥጋ ፓስቲ ጋግሬ ደረጃው ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ትኩስ ነው። ካሮት የለበትም።»

ሊጡ ወርቃማ ሆኖ ይተናል፤ የሥጋውና የድንቹ ሽታ ያውዳል። ከትናንት ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም። ካሮት እንደማትወድ ግን ይሄ ሰው በምን አወቀ? መርዝ ቢሆንስ? ለቁራዎቹ ወርውራ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። በመስኮት ስታየው ሰውየው ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል። ጭሱ ነው፣ አለች በልቧ። ደግሞም የሚያለቅስ ሌባ አይታ ታውቃለች።

እኩለ ቀን ላይ በረዶ መጣል ጀመረ። ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ኮት ደርቦ ነበር።

አይሊ ግንባሯን ከመስኮቱ መስታወት ጋር አጣበቀች።

ቀይና ጥቁር ባለ ዳማ ጥለት ኮት ነው። ክርኑ ላይ ሰማያዊ እራፊ አለው። ያንን እራፊ የጣፈችው ራሷ ነች፤ ከድሮ መጋረጃ ቀዳ፣ ሬይኖ «ባንዲራ አስመሰልሽኝ» እያለ ሲያሾፍባት። ሬይኖ ያለዚያ ኮት ከቤት አይወጣም። በሕይወት እያለ ማንም አያስወልቀውም።

በነጠላ ጫማ ሮጠች። በረዶው እግሯን ያቃጥላታል፤ የካምፑ ጠባቂ ቬርና ጎጆ ደርሳ በሩን በሁለት እጇ ደበደበች።

«ገደለው! ቬርና፣ ባሌን ገደለው! ኮቱን ለብሶታል!»

«እትዬ አይሊ! ኧረ በነጠላ ጫማ ነው እንዴ የመጣሽው?» ቬርና አቅፋ አስገባቻትና ካልሲ አጠለቀችላት። አልደነገጠችም። ይህ አይሊን ይበልጥ አስፈራት።

«ፖሊስ ጥሪ እንጂ! ምን ታቅፊኛለሽ?»

«አብረን እንሄዳለን። እኔ አለሁ፤ ማንም አይነካሽም።»

ተያይዘው ሲመለሱ ሰውየው መንገዱ መሃል ቆሞ ነበር። ሊያገኛት ብሎ ወዲያ ወዲህ ሲል በረዶው ጢሙ ላይ ግግር ሠርቷል።

«የት ጣልከው?» አይሊ ጮኸች፤ አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። «ሐይቁ ውስጥ ነው? ንገረኝ! ቀብሬው እንድሞት እንኳ ንገረኝ!»

«አልሞተም፣ አይሊ።»

«ታዲያ የት አለ?»

ሰውየው ቬርናን አየ። ቬርና «ተው» በሚል በቀስታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይመጣል፣» አለ። «ትንሽ ጠብቂው። ካንቺ የትም አይሄድም።»

«ኮቱን አውልቅ!»

ሰውየው ቁልፎቹን እየፈታ፣ በዚያ በረዶ መሃል፣ ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ዘረጋላት። አይሊ መንጭቃ ተቀበለችው። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀበረች፤ የሬይኖን ጠረን እየማገች፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች፣ «ቶሎ ና፤ ብቻዬን ፈራሁ» አለችው። ሙስቲ መጥቶ ከጎኗ ተኛ።

ሰውየው በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ እርምጃ ወደ እሷ አልተጠጋም።

ቬርና የራሷን ካፖርት አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች፦ «ጋሼ ሬይኖ፣ ዛሬም ሚስትዎ ካላወቀችዎት እኔ ቤት ነው የሚያድሩት።»