በሩን ዝጊልኝ

እኔ ቢሮ ጥቃት የደረሰበት ሰው ቃሉን ሲሰጥ በሩ ይዘጋል። ያየውን መከራ የሚናገረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ረዳቴ የተደፈረች ልጅን «ለምን አልጮህሽም?» ብሎ ቢጠይቃት ዕለቱን አባርሬዋለሁ። ጠበቃ እንዲህ አይጠይቅም።

ትናንት የመጡት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ መርማሪ ፖሊስ ናቸው። ከንፈራቸው አብጧል። የገዛ ልጃቸው ቤት ዘግቶ እንደሚደበድባቸው በሹክሹክታ ይነግሩኝ ጀመር። ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጮክ ብለው ይናገሩ፤ አይሰማም» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«አልገባኝም። እንደገና ከመጀመሪያው።»

«ልጄ፣ እባክሽ በሩን ዝጊልኝ። ሰው ይሰማል፤ አፈርኩ እኮ።»

«እውነት ከሆነ ምን ያሳፍራል?»

እንደገና ተናገሩ። እንባቸው ከዘራቸው ላይ ሲንጠባጠብ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ሲመታዎት ለምን አልጮሁም?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ቀና ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«አንቺ… ስምሽ ማን ነው?»

«እርስዎ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሲጠይቁኝ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር» አልኳቸው። «ስሜን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። በሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።»