ሃያ ሦስት ስህተት

ደምለው ዱለቱን በእንጀራ እየጠቀለለ፣ ቅቤ በጠገበ አውራ ጣቱ የመልስ ወረቀቶቹን ይገልጣል። "ፈርሚና እንላከው" ይላታል ሠራተኛውን ስርጉትን፣ አፉ እንደሞላ። ቢሮው ቢቸና መሃል የተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ የምሳው ሽታ መውጫ አጥቶ ታፍኗል።

ስርጉት ሦስት ሳምንት ሞጣ ከርማ ያመጣቻቸው ወረቀቶች ናቸው። ጆሯቸው ለደከመ ሃያ አዛውንት አርባ አርባ ቃል በማዳመጫ አሰምታ፣ ሰማን ያሉትን በድምፅ መቅረጫ ቀድታ፣ አንድ በአንድም በእርሳስ ጽፋለች። የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደሚምታታባቸው ተሰልቶ፣ ሊሰጣቸው የታሰበው የጆሮ መሣሪያ በዚያው ልክ ይስተካከላል።

የሐጂ ሳሊህን ወረቀት ታነሳለች። ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ "ጠፋ" ሲባሉ "ሰፋ"፣ "ጠራ" ሲባሉ "ተራ" እያሉ ሃያ ሦስት ጊዜ ተሳስተዋል። ሀፍረት ላብ በላብ ቢያደርጋቸውም፣ "የሰማሁትን ጻፊ፣ ልጄ። አታሳምሪልኝ" ነበር ያሏት።

አሁን ስህተቱ ስድስት ብቻ ነው። የእሷ ጽሑፍ በላጲስ ተፍቆ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል። ቀጣዩን ታያለች፤ ስድስት። ቀጣዩም ስድስት። የቀሩትንም አንድ በአንድ ትገልጣለች፤ ሁሉም ስድስት።

"አቶ ደምለው፣ ይሄን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ።" ጣቱን ይልሳል። "ከግማሽ በላይ ተሳሳቱ ብለን ብንልክ፣ መሣሪያውን የሚሰጡት ሰዎች ማዳመጫችሁ ተበላሽቶ ነው ይሉናል። ትንሽ አለሰለስኩት።"

"ሃያ ሰው፣ ሃያውም ስድስት ስድስት?"

"አማካዩ አላማረም?"

"የማይሰሙትን ይሰማሉ ብለው ጻፉባቸው እኮ! መሣሪያው በዚህ ተስተካክሎ ቢሰጣቸው ምን ሊሰሙበት ነው?"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? በምን ያውቁታል?" በራሱ ቀልድ ይስቃል፤ ጥርሱ መሃል ጉበት ተሰክቷል።

ስርጉት ድምፅ መቅረጫውን ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። "መልሳቸው እዚህ ውስጥ አለ። ቁጭ ብዬ የሃያውንም እንደገና እጽፋለሁ። ይሄን ግን አልፈርምም።"

"እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ።"

"አልመጣም።"

ይሄን አልጠበቀም። ፊቱን ፈታ አድርጎ ትልቅ ጉርሻ ይጠቀልላል፤ ተነስቶም እስከ አፏ ድረስ ያቀርብላታል። "ተይ እንጂ ስርጉትዬ፣ እንዲህ አይኮረፍም። በሞቴ!"

በሞቴ ተብላ ጉርሻ መልሳ አታውቅም። እናቷ ያሳደገቻት እንደዚያ አይደለም። የእጁ ሽታ አፍንጫዋ ስር ሲደርስ ግን ምራቋ ይመርባታል።

"አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ከፊቴ አንሳ" ትለዋለች።

ደምለው አንተ መባሉን ማመን አቅቶት ደርቆ ይቀራል። ጉርሻው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቅቤው በክንዱ ቁልቁል እየተንሸራተተ የነጭ ሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ይገባል።