የመሞከሪያው መስመር

የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር ሙቀት በረድ ሲል፣ መሃድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የክብሪት ቀፎ የምታክለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ባዶ የቴምር ዕቃ ውስጥ አስገብቶ ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ጋር አገናኛት። ከእጅ መገናኛ ሬዲዮው የሚወጣውን ድምፅ ተቀብላ በዋይፋይ ወደ ዓለም የምትልክ ርካሽ ጣቢያ ናት። ለጀማሪ መሞከሪያ መስመር አላት፤ መስመሩ የተናገሩትን በተናጋሪው ድምፅ መልሶ ከማሰማት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

መሃድ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ ሬዲዮው በመሃድ ድምፅ።

ግቢ ውስጥ ልብስ የምታሰጣው ሚስቱ ኒምኮ ሳቀች። «ወላሂ አታፍርም! ሰው መጀመሪያ ሰላም ይላል እንጂ ቁጥር ይቆጥራል?»

«እሺ በቃ» አለና እየሳቀ ቁልፉን ተጫነ። «አሰላሙ ዐለይኩም!»

ለቀቀውና ጠበቀ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለው ሬዲዮው፣ በዚያው በመሃድ ድምፅ። «መጣሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቻርጀሩን ከሶኬት ነቀለ፤ የቦርዷ መብራት ጠፋ። አላመነም፤ የሬዲዮውንም ባትሪ አወጣና በመዳፉ ጨብጦ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ።

የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ።

«አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ ከውጭ የመሃድ ድምፅ።

መሃድ «እንዳትመልሺ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣለትም።

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለች ኒምኮ፤ ሰላምታ ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ሲሳብ ተሰማ።

«እንዴ መሃድ፣ መቼ ወጣህ?»