የወይዘሮ አጸደ ቀለበት

የሳንባ ወረርሽኙ መድኃኒት ያለ ወርቅ አይሠራም ከተባለ ወዲህ፣ ወርቅ በቤት ማስቀመጥ በሕግ ተከልክሏል። የመድኃኒቱን ሁለት ቅመሞች እንደ ቀለበት አጋጥሞ የሚይዛቸው ወርቅ መሆኑን ያገኘችው ኬሚስቷ ማህደር ነበረች። የእናቷን የወይዘሮ አጸደን የቃል ኪዳን ቀለበት በሳሙና አሟልጫ ያወለቀችውም እሷው ናት።

ሕጉ በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የላጠችውን መዳብ በወርቁ ፈንታ ሞከረች። መድኃኒቱ ያለ እንከን ወጣ። ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡ እሷ የሥራ ልብሷን አውልቃ ወጣች። መዳብ ከአምስት ዓመት በፊትም በእጇ ነበር፤ ተቻኩላ ሳትሞክረው ቀረች እንጂ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምስር ይለቅማሉ። ባዶው ጣታቸው ላይ እንደ ልማዳቸው ነጭ ክር ጠምጥመዋል።

“እማዬ፣ ወርቁ አያስፈልግም ነበር። መዳብ ይበቃ ነበር።”

ወይዘሮ አጸደ እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

“የአባትሽ ስም ውስጡ ተቀርጾበት ነበር እኮ” አሉ። “ያለሱ ሰው አይድንም ስትይኝ ነው የሰጠሁሽ።”

“ይቅር በይኝ።”

“እኔስ እናትሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ወርቃቸውን የሰጡት ጎረቤቶቻችን ግን ከሌላ ሰው አይስሙት፤ አንቺው ንገሪያቸው።”

ማህደር ሳትቀመጥ ተመልሳ ወጣች። የመጀመሪያውን በር ስታንኳኳ ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም ነበር።